እትዬ ሚናክሺ ዝም ያሉ ዕለት

እኛ ወጣት ሳለን ዝም ያለ ሰው ያስፈራ ነበር። ቀበሌ እስር ቤት አጠገቤ የሚተኛ ጓደኛዬን አንድ ጠዋት ባናግረው ዓይኑ ክፍት ነው፣ አይመልስም። «ተወው፣ ደክሞት ነው» አሉኝ፣ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ ወጣ። ሌላውን አልነግራችሁም። ይህንንም የነገርኳችሁ እትዬ ሚናክሺን በግድ ሆስፒታል የወሰድኩት ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

እትዬ ሚናክሺ እዚሁ በስደት አገር፣ ፌርፋክስ ሰፈር፣ ከእኔ በታች ያለው አፓርትመንት የሚኖሩት የህንድ አሮጊት ናቸው፤ ከደቡቡ ከታሚል ሕዝብ ናቸው። የታክሲ ሥራዬን ከተውኩ ወዲህ አርብ አርብ ከሳንታ ሞኒካ ወዲያ ወዳለው ቤተ መቅደሳቸው በመኪናዬ አደርሳቸዋለሁ። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። ልጅ ሳሉ መቅደስ ደጃፍ ለአምላካቸው ሲዘምሩ አንድ የፊልም ሰው ሰማቸውና ስቱዲዮ ወሰዳቸው። ታዲያ ፊልሙ ላይ የምትታየዋ ቆንጆ አፏን ትከፍታለች እንጂ አትዘፍንም፣ ድምፁ የእሳቸው ነው።

«ሙዚቀኛው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ አብረን እንቀዳለን» ይሉኛል፣ «እኔ አንዲት ቦታ ከሳትኩ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው! ቫዮሊን የሚመታው ሽማግሌ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እንዴት እንደሚያየኝ!»

«ታዲያ መንገድ ላይ ሰው አያውቅዎትም ነበር?»

«ማን ያውቀኛል? አንዴ አበባ ሻጯ የእኔኑ ዘፈን ስታበላሸው ሰማሁና "እህቴ፣ እዚህ ጋ ከፍ አድርጊው" ብላት፣ "አንቺ ደግሞ ስለ ዘፈን ምን ታውቂያለሽ?" አለችኝ!»

ኋላ አዳዲስ ልጆች መጡ፣ ስልኩ መደወል ተወ፣ እና ወደ መዝሙራቸው ተመለሱ፤ ካሴታቸው በየመቅደሱ በር ይሸጥ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ግን አቆሙ። ልጃቸው ወደዚህ አገር አመጣቸው፣ እና ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ዜማ ከአፋቸው አልወጣችም። ታዲያ አንድ ቀን «የፊታችን አርብ እዘምራለሁ» አሉኝ። «ድምፄ እምቢ ካለ ዳግመኛ አልሞክርም።»

አርብ በአሥር ሰዓት ልወስዳቸው ወረድኩ። ለብሰው፣ ፀጉራቸው ላይ አበባ ሰክተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?»

ዝም።

«ምነው? አሞዎታል እንዴ?»

ዝም። ዓይናቸው ክፍት ነው። ጣታቸውን ወደ አፋቸው፣ ከዚያ ወደ ላይ ወደ ሰማይ ቀሰሩ። እኔ «አፌ ተያዘ፣ መሞቴ ነው» ያሉኝ መሰለኝ። «ኦኬ፣ ኦኬ እትዬ፣ አይዞዎት» አልኩና ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው፣ ለልጃቸው ብደውል አያነሳም፣ «ወደ ሆስፒታል እየሄድን ነው» ብዬ መልእክት ተውኩለትና በቀጥታ ነዳሁ። መንገዱ የመቅደሱ እንዳልሆነ ሲያዩ ትከሻዬን በቦርሳቸው ይደበድቡኛል፣ ይደበድቡኛል፣ ድምፅ ግን የለም። ዱላው ጭራሽ አስፈራኝ።

ኢመርጀንሲ ደረስን። ነርሷ «እማማ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ» አለቻቸው። ፈገግታ ከየት ይምጣ፣ ተቆጥተዋል! «እሺ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።» ዝም። የነርሷ ፊት ተለወጠ። «ስትሮክ ሳይሆን አይቀርም!» ብላ ሐኪም ጠራች፣ ባለጎማ አልጋ እየተገፋ መጣ። እኔ አልጋውን ሳይ ግድግዳውን ያዝኩ። እመቤቴ ሆይ፣ አሁንም ዘገየሁ? አልኩ።

ታዲያ እሳቸው አልጋውን አዩ፣ እኔን አዩ። ዓይናቸውን ጨፈኑና በመዳፋቸው ጭናቸውን መታ፣ መታ እያደረጉ መዘመር ጀመሩ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። አቆሙ። ከመጀመሪያው ጀመሩ። ተሰነጠቀ። እንደገና ከመጀመሪያው። በሦስተኛው ወጣ! ምን ልበላችሁ፣ እጁን በፎጣ የጠቀለለው ሰውዬ እንኳ ማቃሰቱን ተወ።

ዜማው ሲያልቅ ነርሷ «እኔ እንዲህ ያለ ስትሮክ አይቼ አላውቅም» አለች።

ይኼኔ ልጃቸው እያለከለከ ገባ። «ሚስተር ተስፋዬ፣ ምን ነካዎት? ስለት እኮ ነው! ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል መዝሙር እንዲሆን ከጠዋት ጀምሮ አትናገርም!»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

ሐኪሙ አይቶ ለቀቃቸው፣ መቅደስም ደረስን፣ ዘመሩ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ቀስ ብለው «ተስፋዬ፣ ስትመጣ እንዴት "አልሄድም" እንደምልህ እያሰብኩ ነበር» አሉኝ። «ድምፄን ፈርቼው ነበር። ሆስፒታል ያን የደነገጠ ፊትህን ባላየው ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር።»

እዚሁ ያደገችው የእህቴ ልጅ ሳሮን ታዲያ ይህን ስነግራት ትስቅብኛለች። «ሶ፣ ጋሼ፣ እትዬን የረዳሃቸው በስህተት ነዋ!»

«በፍርሃት ነው እንጂ ልጄ» አልኳት። «እኔም እስከ ዛሬ የኖርኩት በእሱ ነው።» እና ሳቅሁ።