የቻርልስተን አደራ

ለንደን አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ እናትና ልጅ ተቀምጠዋል። የጀመረችው ልጅቷ ናት።

«እማዬ፣ የሄድንበት የሽርሽር መርከብ አሜሪካ፣ ቻርልስተን የቆመው አንድ ቀን ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የድሮዎቹን ቤቶች ላሳይሽ ቱር ቡክ አድርጌ ነበር።»

«ታዲያ የአልማዝን አደራ ይዤ ልመለስ?»

«ሽሮ እኮ ነው። በፖስታ አትልክም?»

«ለእህቴ በእጅሽ ስጪልኝ ነው ያለችኝ።»

«እህቷ ደግሞ ሥራ ናት ተባልን። የምትሠራበት ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ግማሽ ቀን ቆምን። ሲሪየስሊ፣ ፓርኪንግ ውስጥ።»

«መጣች አይደል? አቅፋኝ ስታለቅስ አላየሽም?»

«አየሁ። ከዚያ ቤቷ ወሰደችን፣ ብሉ ብሉ ስትል መርከቡ ሊያመልጠን ነበር።»

«እንዲህ ተቀብላን ምን ጎደለብሽ?»

«ቻርልስተን።»

«በመኪናዋ መስኮት አይተሽዋል።»



«አሁን ወዴት ነው የምንሄደው? ይሄ የቤት መንገድ አይደለም።»

«ካሌዶኒያን ሮድ፣ አልማዝ ጋ። እህቷ ጫማ ልካላታለች።»

«እማዬ።»

«በእጅሽ ስጪልኝ ብላ ነው።»

ነገ ወደ ዳላስ ለሚሄድ ሰው ላቀብል ጭኔ ላይ የያዝኩትን በርበሬ ቀስ ብዬ ወንበሩ ሥር አስገባሁት።