በልግ ሲገባ የሚለቀስበት ዘፈን

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በጭነት መኪና ስንሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የኮሪያ ዘማች ማንጎራጎር ጀመሩ። ልጇን ያቀፈች አንዲት ሴት ጠየቀቻቸው።

«ምን ቋንቋ ነው ጋሼ?»

«ጃፓንኛ ነው። ከግንባር ለእረፍት ቶኪዮ ሲወስዱን፣ በየቡና ቤቱ ይህንኑ ሸክላ ያጫውቱት ነበር።»

«ምን ይላል?»

«በልግ ገባ፣ ዝናቡ አበባውን አረገፈው፣ አንቺም ሄድሽ ይላል። ለየወራቱ የየራሱ ዘፈን አላቸው፤ የበልጉ ግን ያስለቅሳቸዋል።»

«አጃኢብ! ዝናብ መጣ ብለው ያለቅሳሉ?»

«ለትምህርትም ለሥራም የሚለያዩት ያኔ ነዋ።»

«እኛን በልጉ ቀርቶ ነው የለያየን። በሬዎቹ አለቁ፣ የዚህች ልጅ አባትም ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀረ።»

«አሁን ወዴት ነው የምትሄዱ?»

ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እህቴ ዘንድ። እዚያ ትቻት ልመለስ ነው። ቤት አልጋ የያዘች እናት አለችኝ፤ ለሁለቱ የሚበቃ እህል የለኝም።»

«ልጅቱ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

ልጅቱ ቀና አለች።

«እማ፣ አክስቴ ዘንድ ስንት ቀን እንቀመጣለን?»

«ጋሼ፣ እስቲ ያን ዘፈን ይድገሙላት።»

እኔ ጋቢዬን ስቤ ፊቴን ሸፈንኩ።