ሁለት መሪ ለአንድ መዝሙር

እሑድ ጠዋት ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ከመድረኩ ጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል፣ የአምልኮ ቡድኑን ለዓመታት ብቻቸውን የመሩት ጋሽ አንጁሎ እና ሽማግሌዎች በቅርቡ አብራቸው እንድትመራ የመደቧት ወጣቷ ኬዚያ ጉባኤው ሳይጀመር ይከራከራሉ።

ኬዚያ፦ ዛሬን ብቻ ጋሼ። የመጀመሪያውን መዝሙር እኔ ላንሳው፣ እርስዎ ከኋላዬ ይግቡ።

ጋሽ አንጁሎ፦ ከኋላሽ? እኔ ከኋላሽ?

ኬዚያ፦ ከኋላ ማለቴ አብረን። ሽማግሌዎቹም ያሉት አብራችሁ ምሩ ነው።

ጋሽ አንጁሎ፦ ሽማግሌዎቹ ዘምረው ያውቃሉ? ስብሰባ ለሁለት ይመራል። መዝሙር ግን አንድ ሰው ነው የሚያነሳው። አለበለዚያ ሕዝቡ የማንን አፍ ይመልከት?

ኬዚያ፦ ባለፈው እሑድ የማንን አፍ እንደሚመለከት ጠፍቶት ዝም አለ እኮ።

ጋሽ አንጁሎ፦ ይኸው! ሁለት ሰው ስለመራው ነዋ።

ኬዚያ፦ አይደለም ጋሼ። እኔ አዝማቹን ይዤ፣ ሕዝቡ ተቀብሎኝ፣ እጁን አንስቶ እየዘመረ እያለ እርስዎ በላዬ ላይ ሌላ መዝሙር ጀመሩብኝ።

ጋሽ አንጁሎ፦ መንፈስ ነው ያስነሳኝ።

ኬዚያ፦ እባክዎ በመንፈስ አያሳብቡ። ቤት ገብቼ ስንት አለቀስኩ! እናቴ "ሊያዋርዱሽ ነው፣ ተይላቸው ቡድኑን" አለችኝ። የሙዚቃ ልጆቹም ጋሼ ከመሪነት ካልወረዱ ጊታር አንነካም ብለዋል።

ጋሽ አንጁሎ፦ እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች?

ኬዚያ፦ እርስዎ ያስተማሯቸው።

ጋሽ አንጁሎ፦ አንቺስ ምን አልሽ?

ኬዚያ፦ እኔማ ከእርስዎ ጋር ዳግመኛ መድረክ አልወጣም ብዬ ነበር። ሐሙስ ልምምድ ላይ ግን አየሁዎት።

ጋሽ አንጁሎ፦ ምኑን አየሽ?

ኬዚያ፦ ከጀርባዎ ሆኜ ደጋግሜ ጠራሁዎት፤ ዝም። ዞሬ ፊት ለፊትዎ ስመጣ ግን "አቤት ኬዚዬ" አሉኝ። አሁንም ሳወራ የሚያዩት ዓይኔን አይደለም፣ ከንፈሬን ነው።

ጋሽ አንጁሎ፦ በሩ ተዘግቷል?

ኬዚያ፦ ተዘግቷል።

ጋሽ አንጁሎ፦ ግራው ነው። ግራው ካለቀለት ቆየ። ቀኙ ግን ይሰማል። ደህና ቀን ሲሆን ይሰማል።

ኬዚያ፦ ባለፈው እሑድስ?

ጋሽ አንጁሎ፦ መዝሙሩ ያለቀ መሰለኝ። እጃቸው ተነስቷል፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሲጸልዩ ነው ያልኩት። ጸሎቱ እንዳይበርድ ብዬ ቀጣዩን አነሳሁ። ጌታ ምስክሬ ነው ልጄ፣ አንቺን አልሰማሁሽም።

ኬዚያ፦ ውይ ጋሼ... ሐኪም አዩ?

ጋሽ አንጁሎ፦ አየሁ። ነርቩ ነው፣ አይመለስም አለኝ። ማዳመጫም ሞክሬ ነበር። ወሬውን ያጎላል፤ ዜማውን ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያደርግብኛል። አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ኬዚያ፦ ባለቤትዎስ ያውቃሉ?

ጋሽ አንጁሎ፦ ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ታወራለች። ጠይቃኝ ግን አታውቅም።

ኬዚያ፦ እንግዲያው ለሽማግሌዎቹ እንንገራቸው። ዛሬ ከጉባኤ በኋላ ሊያግዱዎት ነው እኮ የሚሰበሰቡት። ትዕቢት ገባበት፣ ከልጅ ጋር ማገልገል ናቀ እያሉ ነው።

ጋሽ አንጁሎ፦ ይበሉ።

ኬዚያ፦ እንዴት ይበሉ? በሕመም ማን ሰው ያግዳል? እንዲያውም ያዝኑልዎታል።

ጋሽ አንጁሎ፦ እሱን ነው የማልፈልገው። ትዕቢተኛ ይታገዳል፣ ንስሐ ይገባል፣ አንድ ቀን ማይኩን ይመልሱለታል። ደንቆሮ ምን ብሎ ይመለሳል?

ኬዚያ፦ እኔስ? ዘመዶችዎ ወንበር ነጣቂ ብለው ሰላምታ ነስተውኛል።

ጋሽ አንጁሎ፦ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ። ግን ለማንም እንዳትናገሪ፤ በጌታ ፊት ቃል ግቢልኝ።

ኬዚያ፦ በዚህ አይያዙኝ ጋሼ።

ጋሽ አንጁሎ፦ ለምኜ አላውቅም። አሁን እየለመንኩሽ ነው።

ኬዚያ፦ እሺ። እሺ፣ አልናገርም። ግን እርስዎም እሺ ይበሉኝ። በቀኝዎ ልቁም። መግቢያው ሲደርስ ክንድዎን እነካለሁ፣ ያኔ ይጀምራሉ። ሰው የሚያየው አብረው የቆሙ ሁለት መሪዎች ነው፤ ሌላ ነገር አያይም።

ጋሽ አንጁሎ፦ ድምፄ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል በምን አውቃለሁ? ቃናውንም በክንዴ ትነግሪኛለሽ?

ኬዚያ፦ እሱን... እሱን አላሰብኩትም።

ጋሽ አንጁሎ፦ እኔ ሌሊት ሌሊት አስቤዋለሁ። መላ የለውም።

ኬዚያ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ብናገር ቃሌን ማፍረሴ ነው። ዝም ብል ደግሞ እዚያው አጠገብዎ ቆሜ ሲዋረዱ ማየቴ ነው።

ጋሽ አንጁሎ፦ አንቺ ምንም አታድርጊ። የዛሬዋን የመጀመሪያ መዝሙር ብቻ ለብቻዬ ተይልኝ። እኔው ነኝ የደረስኳት፤ ደሜ ውስጥ ናት። የሚያስፈልገኝ የኪቦርዱ መግቢያ ብቻ ነው። እሱን ይዤ ከገባሁ አልስትም።

ኬዚያ፦ ኪቦርዱ ይሰማዎታል?

ጋሽ አንጁሎ፦ ጥርት ብሎ! የገዛ ጆሮዬን እኔ አላውቀው? ሂጂ፣ ሕዝቡ መሀል ተቀመጪ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አንቺ ትመሪያለሽ፤ እኔ አልቀናብሽም።

ኬዚያ፦ እሺ ጋሼ። እንዳሉት ይሁን።

ጋሽ አንጁሎ፦ ተባረኪ። በሩን ክፈቺልኝና የኪቦርዱ ልጅ ሲጀምር ልስማው።

ኬዚያ፦ ከፈትኩት።

ጋሽ አንጁሎ፦ ዝም በይ አንድ ጊዜ። ላዳምጥ።

ኬዚያ፦ ጋሼ...

ጋሽ አንጁሎ፦ ቆዪ እንጂ! ገና ገመድ እያገናኙ ይሆናል። ምነው፣ ምን ያስለቅስሻል?

ኬዚያ፦ መግቢያውን እየደጋገመው ነው ጋሼ፤ እርስዎን እየጠበቀ።