በጋሼ ታደሰ ወገብ ውስጥ ያሉ ብሎኖች

ሥራዬ ሆስፒታል ለኢንሹራንስ በሚልከው ቢል ላይ ኮድ መሙላት ነው። አከርካሪ ውስጥ የሚገባ ብሎን፣ ዘንግ፣ ሁሉም የየራሱ ኮድ አለው። በሰሙነ ሕማማት አንድ ፋይል ከፍቼ ስሙን ሳየው ደነገጥኩ። ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ የካዚኖ እንግዶችን መኪና ፓርክ የሚያደርጉት የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። ለእኛ "ዳላስ ልጄ ጋ ከርሜ መጣሁ" ነበር ያሉን። ፋይሉ ግን በቀዶ ሕክምና ወገባቸው ውስጥ ብሎን እንደገባ ይላል፤ ሐኪሙ ደግሞ ጎንበስ እንዳይሉ ብሎ ጽፏል። የበሽተኛ ምስጢር ካወጣሁ ከሥራ እባረራለሁ፤ ኮዱን ሞልቼ ፋይሉን ዘጋሁት።

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደ ወንዶቹ በኩል ዞር ስል ጋሼ ታደሰ ነጠላቸውን አጣፍተው ለስግደት ቆመዋል። "ኪርያላይሶን" ሲባል ጎንበስ ማለት ጀመሩ። እኔው ኮድ የሰጠኋቸው ብሎኖች ሲላቀቁ የሰማሁ መሰለኝ። ሰው ምን ይለኛል ሳልል ተሻግሬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ጋሼ፣ ወገቤን ያዘኝ። እባክዎ አብረውኝ ትንሽ ይቀመጡ።"

ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "ልጄ" አሉኝ፣ "የት ነበር የምትሠሪው ያልሽኝ?"