የግራ እግር ቦቲ

(ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ ከሰዓት በኋላ፤ ግንድ ቆራጩ አሞኘ የግራ እግሩን በጨው ውሃ ነክሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ ልጁ ፈንታነሽ ከባሕር ዛፉ ደን ተመልሳ አንድ ነገር ከጀርባዋ ደብቃ ፊቱ ቆማለች።)

ፈንታነሽ፦ እሺ አባዬ፣ እስቲ እንደገና ንገረኝ። ውሻው ምን ዓይነት ነበር?

አሞኘ፦ ውሻ ነዋ! ውሻ ምን ዓይነት አለው? አራት እግር፣ አንድ ጅራት።

ፈንታነሽ፦ ቦቲህን በላው?

አሞኘ፦ ይዞት ሄደ አልኩሽ። ወንዝ ዳር እግሬን ልታጠብ አውልቄ ሳስቀምጠው መንትፎ ሮጠ። ስከተለው ድንጋይ አደናቀፈኝ፣ እግሬ አበጠ። ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ። ደክሞኛል ፈንታዬ።

ፈንታነሽ፦ ከሁለቱ የግራውን መርጦ?

አሞኘ፦ እኔ ምን አውቄ። ሂጂና ውሻውን ጠይቂው።

ፈንታነሽ፦ ጠይቄው መጣሁ እኮ። ቁመቱ ሃያ ሜትር ይሆናል፣ ቅርፊት አለው፣ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ይኸው ያላመጠው ቦቲ። እየው እንጂ፣ ፊትህን አታዙር። ጫፉ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል።

አሞኘ፦ እዚያ አስቀምጪው።

ፈንታነሽ፦ እግርህ ውስጡ ቢሆን ኖሮስ?

አሞኘ፦ አልነበረማ።

ፈንታነሽ፦ ካልሲህ ብቻውን ነው ቦቲ ውስጥ የገባው? ይኸው፣ እዚሁ ቀርቷል።

አሞኘ፦ ኧረ ተይኝ! ጭቃ ነበር። እግሬ ሰመጠ፣ ግንዱ የቦቲውን ጫፍ ያዘው፣ እግሬን ስቤ አወጣሁ፣ ቦቲው ቀረ። በቃ። ማንንም እንቅፋት ይመታዋል።

ፈንታነሽ፦ ሰውን ድንጋይ ነው የሚያደናቅፈው። አንተን ዛፍ ከላይ ድረስ መጥቶ ያደናቅፍሃል። ብዙ ቆየህ?

አሞኘ፦ ትንሽ።

ፈንታነሽ፦ መሬቱን በጥፍርህ እንደ እርሻ አርሰኸዋል። ትንሽ ነው ይሄ?

አሞኘ፦ ከረፋድ እስከ ቀትር። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ከገበያ ደክሟት ነው የምትመጣው።

ፈንታነሽ፦ ሰው ቅጠር።

አሞኘ፦ ጀመረች!

ፈንታነሽ፦ ገና አልጀመርኩም። ስጀምር ታውቀዋለህ።

አሞኘ፦ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ። አንቺም ምሳርሽን አንስተሽ መጣሽ?

ፈንታነሽ፦ የወደቀው ዛፉ ነው፤ አንተ የወደቀብህ ነህ። ሰው ቅጠር አባዬ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።

አሞኘ፦ ምሳሌ ግንድ አይጎትትም። ቀጥሬ አይቻለሁ። የመጀመሪያው እስከ ምሳ መጋዝ ሲስል ቆይቶ፣ ከምሳ በኋላ ጥርሱን ሲፍቅ ይመሻል። ሁለተኛው ሦስት ሜትር ቁረጥ ስለው ሁለት ተኩል ቆርጦ «ዛፉ ነው ያጠረው» ይለኛል።

ፈንታነሽ፦ ሦስተኛውስ?

አሞኘ፦ እሱ ደህና ሠራተኛ ነበር።

ፈንታነሽ፦ ታዲያ ለምን አሰናበትከው?

አሞኘ፦ ያፏጫል።

ፈንታነሽ፦ ሰው በፉጨት ይባረራል?

አሞኘ፦ ሌላ ሰው ያስታውሰኛል። በቃ አልወደድኩትም። ደግሞ ረዳት አለኝ።

ፈንታነሽ፦ ማን?

አሞኘ፦ ላስቲኩ። መጋዙ የሁለት ሰው ነው፤ በዚህ ጫፍ እኔ እስባለሁ፣ በዚያ ጫፍ ከጉቶ ጋር ያሰርኩት የጎማ ላስቲክ ይመልስልኛል። ምሳ አይል፣ ለቅሶ ደርሼ ልምጣ አይል፣ ሰኞ ሰኞ ወገቤን አይል።

ፈንታነሽ፦ «አባዬ ሽሽ!» ይልሃል?

አሞኘ፦ ዝም ይላል። የምወድለትም ይህንኑ ነው። ከዚህ ቤት አንድ እንኳ ዝም የሚል ዘመድ ይኑረኝ።

ፈንታነሽ፦ ዛሬ ግንዱ ሥር ስትጮህ ዘመድህ ምን አለ?

አሞኘ፦ አልጮህኩም።

ፈንታነሽ፦ ለምን አልጮህክም?

አሞኘ፦ ማን ሊሰማኝ?

ፈንታነሽ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ!

አሞኘ፦ ውሃው ቀዘቀዘ። ሙቅ ጨምሪልኝ።

ፈንታነሽ፦ እጨምራለሁ። ነገ ግን ብቻዬን አልሄድም በለኝ።

አሞኘ፦ ሐሙስ የጭነት መኪናው ይመጣል። ገና አሥራ አራት ግንድ ይቀረኛል። ካልደረሰ ነጋዴው ወደ ሌላ ደን ይሄዳል፤ አንዴ ከሄደ ደግሞ ሄደ ነው።

ፈንታነሽ፦ በዚህ እግር አሥራ አራት ግንድ? ታዲያ እኔ ልምጣ። ገመዱን እይዝልሃለሁ።

አሞኘ፦ አንቺ ደን ውስጥ እግርሽን እንዳታስገቢ!

ፈንታነሽ፦ ከአንተ ላስቲክ እኔ አልሻልም? ቢያንስ እናገራለሁ።

አሞኘ፦ መናገሩንስ ታውቂበታለሽ። አምስት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰሽ ይዘሽ የመጣሽው አፍ ብቻ ነው። አይሆንም አልኩ፣ አይሆንም። የአንድ ሰው እግር ይበቃኛል።

ፈንታነሽ፦ … የጋሼ ይሁኔን ነው የምትለው?

አሞኘ፦ ሙቅ ውሃ አልኩሽ።

ፈንታነሽ፦ በገመድ ቢሳብ ኖሮ ዛፉ ዛሬ ወዳንተ አይዞርም ነበር። ገመዱን ግን የእናቴ ልብስ ማስጫ አደረግከው። ጋሼ ይሁኔ የያዙት፣ ስንት ግንድ የጎተተ ገመድ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ቀሚስ ይጎትታል።

አሞኘ፦ ያንን ገመድ ለሰው አላስይዝም። ቀሚስ እግር የለውም።

ፈንታነሽ፦ የጋሼ ይሁኔን እግር የወሰደው ዛፍ ነው። ዛፉን ያዞረው ደግሞ ንፋስ ነው። አንተው ነህ የነገርከን።

አሞኘ፦ ነግሬሻለሁ።

ፈንታነሽ፦ እና?

አሞኘ፦ ዛሬም ውሻ ነው ብዬ ነግሬሽ የለ? ቁጭ በይ። ዙሪያዬን አትዙሪ፣ ራሴን አዞርሽው። ሥርዓት ነበረን፣ እኔና ይሁኔ። እኔ መጋዙ ጋ ነኝ፣ እሱ ገመዱን ይዞ ከፊት። ዛፏ ልትወድቅ ስትል «መጣች!» እላለሁ። እሱ ገመዱን ለቆ፣ ዞር ብሎ፣ ደህና ቦታ ሲደርስ «ሰማሁ!» ይላል። ያን ጊዜ ብቻ ነው መጋዙን ለመጨረሻ ጊዜ የምስበው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራን፤ ጣታችንን እንኳ አልተቧጠጥንም።

ፈንታነሽ፦ ያን ቀንስ?

አሞኘ፦ ያን ቀን መኪናው ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ሹፌሩ ይሳደባል፣ መሸብኝ ይላል። እኔ «መጣች!» አልኩ። «ሰማሁ» እስኪል አልጠበቅኩትም።

ፈንታነሽ፦ … ንፋስ አልነበረም?

አሞኘ፦ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ እንኳ አልነበረም።

ፈንታነሽ፦ እሳቸው ያውቃሉ?

አሞኘ፦ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ለጠየቀው ሁሉ ግን ንፋስ ነው ይላል። ንፋሱን ያመጣው እሱ ነው፤ እኔ ተቀብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም። ምን ብዬ? በየትኛው እግሬ?

ፈንታነሽ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቆጣ።

አሞኘ፦ ለመቆጣትም አቅም ይጠይቃል።

ፈንታነሽ፦ አንተ ዛፍ ገና ሲያቃስት የሚወድቅበትን ታውቃለህ። ዛሬ ለምን አልሸሸህም?

አሞኘ፦ ደክሞኝ ነበር።

ፈንታነሽ፦ አባዬ።

አሞኘ፦ እየጠበቅኩ ነበር።

ፈንታነሽ፦ ምን?

አሞኘ፦ «ሰማሁ» የሚለውን።

ፈንታነሽ፦ ማን ሊልህ? ብቻህን አይደለህ እንዴ?

አሞኘ፦ ብቻዬን መሆኔንማ አውቃለሁ፣ አላበድኩም። ግን «መጣች» ካልኩ በኋላ እጄም እግሬም አይታዘዘኝም። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ። ሌላ ቀን ዛፏም አብራኝ ትጠብቃለች። ዛሬ ግን አልጠበቀችኝም። … አሁን ምን ያስለቅስሻል? በሕይወት አለሁ። አፍሽ የት ሄደ?

ፈንታነሽ፦ አላለቀስኩም። ንፋስ ነው።

አሞኘ፦ አየሽ፣ ለሁላችንም ይጠቅማል። … ቆይ እንጂ፣ ለመሆኑ አንቺ ያንን ግንድ እንዴት አነሳሽው? እኔ ሙሉ ሰው ሆኜ ላነቃንቀው አልቻልኩም፤ አንቺ ብቻሽን ቦቲውን እንዴት አወጣሽ?

ፈንታነሽ፦ ብቻዬን ነበርኩ አላልኩም። እንዳንተ ሞኝ አይደለሁም።

አሞኘ፦ ማን ነበር?

ፈንታነሽ፦ ስደርስ ቀድሞኝ የደረሰ ሰው አለ። ክራንቻቸውን ከግንዱ ሥር ሰክተው ፈነቀሉት፣ እኔ ቦቲውን ጎተትኩ።

አሞኘ፦ ክራንች … ይሁኔ? ያንን ዳገት? በአንድ እግር?

ፈንታነሽ፦ በአንድ እግር፣ በሁለት ክራንችና በብዙ ስድብ። ግማሹን ስድብ ላንተ አድርሺ ብለውኛል፤ ሲበርድልህ እነግርሃለሁ።

አሞኘ፦ ማን ነገረው?

ፈንታነሽ፦ አንተ።

አሞኘ፦ ቀልድሽን ተይኝ።

ፈንታነሽ፦ «መጣች!» ብለህ ነዋ! ቤታቸው ከወንዙ ማዶ አይደል? ድምፅህ እዚያ ይደርሳል። አንተ ከደኑ «መጣች» ስትል፣ እሳቸው በራቸው ላይ ተቀምጠው «ሰማሁ» ይላሉ። በየቀኑ። ሚስታቸው ለጸበል ልትወስዳቸው ነበር።

አሞኘ፦ … እኔ ሰምቼው አላውቅም።

ፈንታነሽ፦ ንፋሱ ከደኑ ወደ እሳቸው ነው የሚነፍሰው። ይሄኛው የእውነት ንፋስ ነው።

አሞኘ፦ በየቀኑ?

ፈንታነሽ፦ ሦስት ዓመት። ዛሬም አንተ «መጣች» አልክ፣ እሳቸው «ሰማሁ» አሉ፣ ዛፉ ወደቀ። ከዚያ ቅርንጫፍ ስትመለምል የምሳርህን ድምፅ ጠበቁ። የለም። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ የለም። ክራንቻቸውን አነሱ። ወንዙን ተሻግረው፣ ዳገቱን ወጥተው እስኪደርሱ አንተ በታችኛው መንገድ ሄደሃል። ቦቲህ ብቻ ግንዱ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል።

አሞኘ፦ እና?

ፈንታነሽ፦ እግርህ ውስጡ ያለ መስሏቸው በእጃቸው ጭቃውን ሲቆፍሩ ነው የደረስኩት።

አሞኘ፦ … ውሃውን አንሺልኝ። በቃኝ።

ፈንታነሽ፦ እንግዲህ ረዳት አለህ ማለት ነው። ያውም ሦስት ዓመት ያለ ምሳ የሠራ። አሁን ወግ ባለው መንገድ ቅጠራቸው ነው የምልህ።

አሞኘ፦ እግር የሌለውን ሰው ደን ውስጥ ምን ላድርገው?

ፈንታነሽ፦ ላስቲኩስ እግር አለው? መጋዙን ላስቲኩ ይመልስልህ፤ እሱ ሥራውን ይወቅ። ጋሼ ይሁኔ ጉቶ ላይ ቁጭ ብለው ዛፉን ያዩልሃል። ገመዱን ራቅ ካለ ጉቶ ላይ ጠምጥሜ እይዛለሁ ብለዋል። «ገመድ በረዘመ ቁጥር ሰው ይርቃል፤ ያኔ ይህን ብናውቅ ሁለት እግር ይኖረኝ ነበር» አሉ። እየሳቁ ነው ያሉት።

አሞኘ፦ ሳቀ?

ፈንታነሽ፦ ሲስቁ ያፏጫሉ እንዴ ሁልጊዜ?

አሞኘ፦ የፊት ጥርሱ ወልቋል። ከድሮ ጀምሮ ነው። … ምን ብዬ እገባለሁ ፈንታዬ? ሦስት ዓመት የጠፋ ሰው ባዶ እጁን ምን ብሎ ይገባል?

ፈንታነሽ፦ ቦቲ ልወስድ መጣሁ በላቸው።

አሞኘ፦ የምን ቦቲ?

ፈንታነሽ፦ ነጋዴ የአንድ እግር ጫማ አይሸጥላቸውም። በገዙ ቁጥር የቀኙን ይጫማሉ፣ የግራው እንዳዲስነቱ አልጋ ሥር ይገባል። ሁለት ተቀምጧል። ልካችሁ ደግሞ አንድ ነው፣ አርባ ሁለት።

አሞኘ፦ ታዲያ ይዘሽው አትመጪም ነበር?

ፈንታነሽ፦ ለምኛቸው ነበር። «በልጅ እጅ አልክም፣ የሚፈልገው ራሱ መጥቶ ይውሰድ» አሉኝ።

አሞኘ፦ ያበጠ እግር ቦቲ አይገባውም።

ፈንታነሽ፦ ታቅፈኸው ትመለሳለህ።

አሞኘ፦ እናትሽ ትምጣና …

ፈንታነሽ፦ ለእናቴ አትንገሪ ያልከው ማን ነው?

አሞኘ፦ እና አሁን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር ከገበያ ሲመለስ፣ በአንድ ቦቲ መንደሩን ላቋርጥ? ሰው ምን ይለኛል?

ፈንታነሽ፦ እሳቸው ሦስት ዓመት በአንድ ቦቲ ሲያቋርጡ ሰው ምን አላቸው?

አሞኘ፦ ዱላዬን አቀብዪኝ። የእናትሽንም ቀሚስ ከገመዱ ላይ አንሺው።