ሣሩን ማን ፈቀደልሽ?

ከዘመሮ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ዘጠኝ ሳጥን የተሰመረበት ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። አጠገቧ ያሉ አዛውንት ጠየቋት።

«ምንድን ነው ልጄ? ካርታ ነው?»

«የንግድ ሞዴል ነው አባባ። ከጓሳ ሣር ባርኔጣና ቦርሳ ልሠራ ነው። ዛሬ ወረዳው ላይ አቅርቤ ካለፍኩ የመሥሪያ ቦታ ይሰጡኛል። ሾፌር፣ ትንሽ ፍጠን እንጂ!»

«ይሄኛው ሳጥን ምን ይላል?»

«ደንበኞች። የጋራ ጥብቅ ቦታችንን፣ ጓሳን፣ ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶች ናቸው።»

«ይሄኛውስ?»

«ዋና ግብዓት ነው፤ ሣሩ። በየሳምንቱ አሳጭዳለሁ።»

«በየሳምንቱ? ጓሳው ለአጨዳ ዝግ አይደለም እንዴ?»

«አምና ቤት ስንከድን አጭደን የለ?»

«ተከፍቶ ነዋ! አሁን ተዘግቷል። ሕዝቡ ተሰብስቦ ካልከፈተው ማጭድ አይገባም።»

«ውይ! እኔ እኮ ያው የኛው ነው ብዬ...»

«የኛው ስለሆነማ ነው የሚጠየቀው። ሕዝቡን የትኛው ሳጥን ውስጥ ከተትሽው?»

«አጋሮች የሚል አለ።»

«ማንን ጻፍሽበት?»

«ጓደኛዬን። ስልኳ ጥሩ ፎቶ ያነሳል።»

«እንግዲያ እሷ ታስከፍትልሽ!»

ወጣቷ ላጲስ ፍለጋ ቦርሳዋን አተራመሰች።

«ታዲያ ዛሬ ምን ልበላቸው አባባ?»

«ገና አልጠየቅኩም በያቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለን፤ መጥተሽ ጠይቂ።»

«እሺ ባይሉኝስ?»

«እሱንም ጻፊው።»

«ሾፌር፣ ኧረ ቀስ በል! አልጨረስኩም!»

እኔም ነገ የማስረክበውን፣ ዘጠኙም ሳጥን የሞላውን የራሴን የንግድ ሞዴል የክፍል ሥራ ከቦርሳዬ አውጥቼ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ።