ለሀያት ዋስ የሆንኩ ዕለት

ወላሂ ብዬ ብምልላችሁም አታምኑኝም፤ እኔም ሌላ ሰው ቢያወራኝ አላምንም ነበር። በእኛ ጊዜ፣ ወሎ፣ ገና ስንጫወት፣ ጥንጓን ስተን የሰው ቅልጥም ብንመታ የሚቆጣ አልነበረም፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነው። የእኔን ሁለት የፊት ጥርስ በዱላው ያወለቀው ሰውዬ ራቱን እኛ ቤት በልቶ ነው የሄደው፤ እኔ ማኘክ ስላቃተኝ የእኔንም ድርሻ ጨምሮ በላው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ታዲያ ደርግ በወደቀ በአራት በአምስት ዓመቱ ልጄ ዘሀራ ይምጡና ይዩን ብላ ወደዚህ ወደ ስቶክሆልም አመጣችኝ፤ ቤቷ ሪንከቢ ነው፤ እና የልጅ ልጄን ሀያትን አገኘኋት። እናቷ በጀርባዋ አዝላት ነው ከአገር የወጣችው፤ እና አማርኛ ይገባታል፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። እኔ ስመርቃት አሜን የምትለው ራሱ በስዊድንኛ ይመስለኝ ነበር።

ኮሌጅ ገብታለች አሉኝ፣ ደስ አለኝ። ምን ትማሪያለሽ ብላት ከራሷ የሚበልጥ ሻንጣ ከፍታ አሳየችኝ። በሻንጣው ውስጥ ምን አለ? የራስ ቁር፣ የጉልበት ጋሻ፣ ሥሩ እንደ ቢላ የተሳለ ጫማ፣ ቆልማማ ዱላ። ዘሀራን ጠጋ ብዬ፣ ይቺ ልጅ ከማን ጋር ነው ደም ያላት አልኳት። ለካ የኮሌጁ የሴቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ውስጥ ናት። ወለሉ በረዶ፣ ልጆቹ በቢላ ላይ ቆመው ይበራሉ፣ እና የሚያባርሩት የጫማ ተረከዝ የምታክል ጥቁር ጎማ ነው። ለእሷ ነው ያ ሁሉ ጋሻ።

ታዲያ ያን የብርድ ወራት ሙሉ ተሸነፉ። ተሸነፉ ስላችሁ ዝም ብሎ መሸነፍ አይደለም። አንድ ቀን የገባባቸውን ስቆጥር ጣቴ አለቀና ወደ ዘሀራ ጣት ተሻገርኩ፤ የእሷም አልቆ አጠገቤ የተቀመጠውን ፈረንጅ እጅ ተዋስኩ። እና ኮሌጁ፣ እስከ መጨረሻው ጨዋታ አንድ እንኳ ካላሸነፋችሁ ቡድኑ ይፈርሳል፣ የበረዶው ሰዓታችሁም ለወንዶቹ ይሰጣል አላቸው። ስሙኝማ፣ ዓመት ሙሉ ተሸንፋ እየሳቀች የምትገባ ልጅ፣ ያን ዕለት በሯን ዘግታ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው እኔም ማላገጥ የተውኩት።

የመጨረሻው ጨዋታ ሶልና የሚባል ሰፈር ነበር። ጋቢዬን ደርቤ ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። እንዴት እንደሆነ አላህ ይወቅ፣ አንድ ለአንድ ሆኑ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሀያት ከተጋጣሚዎቹ አንዷን ረጅም ልጅ እግሯን በዱላ ጠልፋ ጣለቻት፤ ልጅቷ ከሶልና ተንሸራታ ሪንከቢ ልትደርስ ምንም አልቀራት። ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ሀያትን ጥግ ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገባት። ሰዓት የሚይዙ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ፊታቸው እንደ በረዶው የማይፈታ፣ በሩን ዘጉባት።

"ዘሀራ፣ ምን እያደረጓት ነው?"

"አጥፍታ ነው፣ አባባ። ሁለት ደቂቃ እዚያ ትቀመጣለች፣ ቡድኗም አንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ይቀመጡ።"

እንዴት ልቀመጥ? ጥርሴን ያወለቀ ሰው ራት ተጋብዞ ሲሄድ ያየሁ ሰው ነኝ፤ በጨዋታ ሰው ይታሰራል? ደግሞስ በእኛ አገር ልጅ ሲታሰር ሽማግሌ ተነስቶ ዋስ ይሆናል፤ አያቷ ቆሞ እያየ ዋስ ያጣች ተብሎ ይወራ? ወረድኩ። አሮጊቷን እጅ ነሳሁና በእጄ አስረዳሁ፤ ደረቴን መታሁ፣ እኔ፤ ሁለት እጄን አጣምሬ ዘረጋሁ፣ እሰሩኝ፤ ሀያትን ጠቆምኩ፣ እሷን ፍቱ። አሮጊቷ ጋቢዬን አዩ፣ ከዘራዬን አዩ፣ እና ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ በሩን ከፍተው አስገቡኝ።

ሀያት አንድ ጎተራ ስዊድንኛ ዘረገፈችብኝ። "ሂጂ ልጄ፣ እኔ እቀመጥልሻለሁ" አልኳት። መጀመሪያ ልታለቅስ ነበር፣ እና ሳቋ አመለጣት፣ እና በአማርኛ፣ ሰምታችኋል፣ በአማርኛ፣ "አባባ፣ እኔን የሚፈታኝ ሰዓቱ ነው፣ አንተ አይደለህም" አለችኝ።

ታዲያ ተቀመጥኩ። ተጋጣሚዎቹ ደግሞ በአንድ ሰው በልጠው ሳሉ ጨዋታውን ትተው እኔን ያያሉ፤ ነጭ ጋቢ በመስታወት ውስጥ፣ ከዘራውም እንደነሱ ዱላ ቆልማማ፣ አዲስ ዓይነት ተጫዋች የመጣባቸው መስሏቸው። ሁለት ደቂቃው ሞላ፣ አሮጊቷ በሩን ከፈቱ፣ ሀያት እንደ ጭልፊት ወጣች፣ ጓደኛዋ ያቺን ጎማ ገፋችላት፣ ማንም ልብ አላላትም፣ ብቻዋን በረረች፣ መታች፣ ገባ። ጣራው ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ ብላችሁ ይቀላል።

ደስታው ሳይበርድ የዚያኛው ቡድን አሰልጣኝ እየጮኸ መጣ፤ ሽማግሌው የነሱ ሰው ነው፣ ደንብ ፈርሷል፣ ጎሉ ይሰረዝ ይላል። ዳኛው እኔ ገና ወደተቀመጥኩበት ሳጥን መጣ። ሀያት ከኋላው ቆማለች። ዓመት ሙሉ የለመኑት አንድ ጎል በእኔ ጋቢ ሊጠፋ ነው፤ ወላሂ በረዶው አፉን ከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ዳኛው አሮጊቷን አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ እሳቸው ሰዓታቸውን አዩና፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ አንድ ነገር መለሱለት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ያ አሰልጣኝ እንኳ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እና ዳኛው ጎሉን አጸደቀው፣ የቀረችውን ጨርሰው አሸነፉ፣ ቡድኑም ተረፈ።

እኔ ምን እንደተባለ አልገባኝም። ባቡር ውስጥ ሀያትን ለመንኳት፣ እሷም ሳቋ እያቋረጣት በአማርኛ ነገረችኝ። ለካ ዳኛው፣ ይህ ሰውዬ የየትኛው ቡድን ነው ብሎ ጠይቋቸው ኖሯል፤ አሮጊቷም፣

"የማንም አይደሉም፣ እስረኛ ናቸው፤ ገና አንድ ደቂቃ ይቀራቸዋል።"